ዝናሙ ከሰማይ፣ ጎርፉ ከምድር

(በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለሚገኙ አድባራት ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የቀረበ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ዘመነ ክረምት ይባላል። በዚህ ወቅት ማኅሌታችን ስለ ዝናም ይዘምራል፤ በቅዳሴያችንም ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን። ዝናም በረከት መሆኑን ከእናንተ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ታዲያ በየዓመቱ የምንለምነው በረከት ለምን በየዓመቱ ቤት ያፈርሳል? ለምንስ ሰው ይወስዳል?

የዛሬው ንግግሬ መልስ አጭር ነው። ከሰማይ የሚወርደው ዝናም ነው፤ ጎርፍ አይወርድም። ዝናሙን ተቀብሎ ወይ ምንጭ፣ ወይ ጎርፍ አድርጎ የሚልከው ምድሩ ነው። ስለዚህ ጎርፍ በመጣ ቁጥር «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት፣ ዝናሙ ያረፈበትን መሬት ማን አራቆተው ብለን ልንጠይቅ ይገባል። ጥያቄው ወደ ራሳችን ዐጸድ ሊመልሰን እንደሚችልም አስቀድሜ እነግራችኋለሁ።

ዛፍ ለዝናም ምን ያደርጋል?

ዛፍ በዝናም ላይ አራት ሥራ አለው። የመጀመሪያው በቅጠሉ ነው። ኃይለኛ ጠብታ በቀጥታ መሬቱን እንዳይመታ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ይቀበሉታል፤ ውኃውም ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው ከሥሩ በረገፈው ቅጠል ነው። የበሰበሰው ቅጠል አፈሩን እንደ ስፖንጅ ያደርገዋል፤ ውኃው ከመሮጥ ይልቅ ይሰርጋል። ሦስተኛው በሥሩ ነው። በተዳፋት ላይ ያለውን አፈር ከታችኛው መሬት ጋር አስሮ ይይዛል። አራተኛው ደግሞ ከአፈር የጠጣውን ውኃ በቅጠሉ በኩል ወደ አየር መመለሱ ነው። በዚህም አካባቢው ይቀዘቅዛል፤ ለቀጣዩ ዝናም የሚሆን እርጥበትም ይገኛል።

ዛፉ ሲቆረጥ አራቱም ሥራዎች በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ጠብታው አፈሩን ይደበድባል፤ የተደበደበው አፈር ይደፈናል፤ ያልሰረገው ውኃ ይሮጣል፤ ሲሮጥም አፈሩን ይዞ ይሄዳል። በክረምት ጎርፍ ሆኖ ያለፈው ያ ውኃ ደግሞ በበጋ ምንጭ ሆኖ ሊወጣ አይችልም። ጎርፍና ድርቅ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ በተራቆተ መሬት ላይ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በየገጠሩ ደብር የጸበል ምንጭ ለምን እየቀነሰ እንደመጣ የሚጠይቁ አባቶች አሉ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ያለው ከምንጩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ነው።

እውነቱን ላለማጋነን አንድ ነገር ልጨምር። ድርቅ ሁሉ በደን መመናመን የመጣ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ ርዳታ እንዲፈልጉ ያደረገው ድርቅ፣ ኤልኒኖ ከተባለውና ከሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ከሚነሣው የአየር ለውጥ ጋር የተያያዘ ነበር። የዓለም ሙቀት መጨመርም የእኛ እጅ ብቻ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከሩቅ የመጣው ምት በዛፍ በተሸፈነ መሬትና በተራቆተ መሬት ላይ እኩል አያርፍም። በሽታው ለሁሉም ይመጣል፤ የሚበረታው ግን አቅም ባጣው ሰውነት ላይ ነው።

ድሬዳዋና ጎፋ

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የድሬዳዋ ሕዝብ በሌሊት ተኝቶ ሳለ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ ይነግድበታል። ያን ሌሊት ግን ከሐረርጌ ደጋ ላይ የወረደው ውኃ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺህ የሚቈጠሩትን ከቤታቸው አፈናቀለ። ከከተማይቱ በላይ ያለው ተዳፋት ዛፉን ያጣ ስለነበር ውኃውን የሚያዘገየው አልነበረም። ከታች ያሉት ሰዎች ከላይ ያለውን ተራራ አላራቆቱትም፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን እነርሱ ናቸው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከከባድ ዝናም በኋላ መሬቱ ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት በእጃቸውና በአካፋ ሲቆፍሩ መሬቱ ዳግመኛ ተናደና አዳኞቹንም ቀበረ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። መነሻው ዝናሙ ነው፤ ነገር ግን ጥልቅ ሥር ያለው ዛፍ ተነሥቶ የታረሰ ገደላማ መሬት ዝናም በጠገበ ጊዜ የሚይዘው ገመድ የለውም።

በዚህ ክፍለ ከተማ ቆሞ ስለ መሬት መናድ የሚናገር ሰው ቆሼን ሳያነሣ ማለፍ አይችልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ነፍሳትን ሲወስድ መንሥኤው የዛፍ ጉዳይ አልነበረም። ነገር ግን በየቤቱ የለቅሶ ድንኳን የተከላችሁ፣ ፍትሐት ያደረሳችሁ እናንተ ናችሁና አንድ ነገር ታውቃላችሁ፤ ከላይ የተከመረው ሁሉ በመጨረሻ የሚወድቀው ከታች ሌላ መኖሪያ ባጣው ድኃ ላይ ነው። ጎርፍም እንዲሁ ነው። በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ወንዝ ወድዶ አይደለም፤ የኪራይ አቅሙ የደረሰው እስከዚያ ስለሆነ ነው።

የእኛ ተራሮች

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በስተ ምዕራብ ወጨጫ፣ በስተ ሰሜን እንጦጦ ይታዩናል። ትንሹ አቃቂ ከዚያ ተነሥቶ በእኛ መካከል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በአባ ሳሙኤል የተሠራው ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ በደለል ተሞልቶ ለረጅም ዓመታት ሥራ አቁሞ ነበር። ያ ደለል ከየት መጣ? ከተራቆቱት ተራሮችና ማሳዎች የታጠበ አፈር ነው።

አዲስ አበባ ገና በተቈረቈረች ጊዜ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቈርጦ አለቀ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም በኋላ የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማይቱን ከመፍለስ ያዳናት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ውለታውን አንክድም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም አይበቅልም። የረገፈው ቅጠሉ ደግሞ በድኃ እናቶች ጀርባ ለማገዶ ተጠርጎ ሲሄድ ከዛፉ ሥር የሚቀረው ባዶ መሬት ነው። ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስል ተራራ ከቅርብ ሲያዩት ጎርፍ የሚያፈስ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ምሳሌም ከእኛ አይርቅም። በወጨጫ ተዳፋት ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደ ተተከለበት ይነገራል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ዛሬም አሉበት። አባቶቻችን የተከሉትንና የጠበቁትን ዛፍ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይተን በጥላው እናርፋለን ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ደን

በሰሜኑ አገራችን ከአውሮፕላን ሆኖ የሚያይ ሰው በታረሰ ቡናማ መሬት መካከል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጥቦችን ያያል። በየነጥቡ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ ደኖች ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ፤ ብዙዎቹም ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት ሲያጠኑ ካገኟቸው ችግሮች አንዱ ከብት እየገባ ቡቃያውን መብላቱና መርገጡ ነው። አሮጌው ዛፍ ሲሞት የሚተካው ወጣት አልነበረም። መፍትሔውም ከካህናቱና ከገበሬው ጋር ተመክሮበት ከየማሳው በተለቀመ ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ካብ መካብ ሆነ። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ዳነ።

የገጠሩ አባት ዛፉን የጠበቀው የደን ሳይንስ ተምሮ አይደለም። ዐጸዱ የቤተ መቅደሱ ልብስ ነው፤ አይገፈፍም ብሎ ስላመነ ነው። እኛ የከተማ ሰዎችስ?

የራሴ ምስክርነት

ከዓመታት በፊት በሌላ አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ አባል ነበርሁ። ደብሩ ገቢ አልነበረውም፤ የካህናት ደመወዝ በየወሩ ያስጨንቀን ነበር። በዐጸዱ ታችኛ በኩል የነበሩትን ትላልቅ ጽዶች ቈርጠን የሚከራዩ ሱቆች እንሥራ፣ የቀረውንም ግቢ ለምእመናን ምቾት በሲሚንቶ እናንጥፍ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ እኔም ደግፌ እጄን አወጣሁ። ሱቆቹ ተሠሩ፤ ደመወዙም በጊዜው መከፈል ጀመረ።

በቀጣዩ ክረምት ከግቢው በታች የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ጉባኤያችን ገቡ። «ልጆቼ፣ በዚያች ቤት ብዙ ክረምት አሳልፌአለሁ፤ ውኃ ደጄን ረግጦ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ከቤተ ክርስቲያን መጣብኝ» አሉ። ካሣ አልጠየቁም፤ ማንንም አልከሰሱም። ተናግረው መስቀል ተሳልመው ወጡ። እኔ ግን ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ድኃ ቤት መውረድ የሚገባው በረከት ነበር።

ነገሩን በቍጥር እንየው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ግማሽ ሄክታር፣ ማለትም 5,000 ካሬ ሜትር የተነጠፈ ግቢ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢጥል 150,000 ሊትር ውኃ ነው። ይህም ባለ 200 ሊትር 750 በርሜል ይሞላል። ሲሚንቶ ውኃ አይጠጣም። ያን ሁሉ በርሜል በአንድ ከሰዓት በኋላ በታችኛው ጎረቤታችን ደጅ ላይ እንገለብጠዋለን ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

ገቢ አያስፈልግም አልልም። ካህን ደመወዝ ያስፈልገዋል፤ ነዳያን ምግብ ያስፈልጋቸዋል። የምለው፣ ውሳኔው ሲወሰን ከታች ያሉት ሰዎችም ይቈጠሩ ነው። በእያንዳንዱ አጥቢያ ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ በዐጸዱ ያሉ ነባር ዛፎች ተቈጥረው በመዝገብ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ አንድም ዛፍ በጉባኤ ሳይመከርበትና ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ሳይጻፍ አይቈረጥ።

ሁለተኛ፣ ግንባታ የግድ ከሆነ ግቢው በሙሉ አይነጠፍ። ሰው የሚሄድበት ብቻ ይነጠፍ፤ የቀረው አፈርና ሣር ይሁን። የጣራው ውኃ በአሸንዳ ወደ ታንከር ይግባ፤ በበጋ ችግኝ ያጠጣልና።

ሦስተኛ፣ ስንተክል አገር በቀሉን እናስቀድም። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ለዚህ ደጋ የተፈጠሩ ናቸው። ዝግ ብለው ያድጋሉ፤ ግን ለልጅ ልጅ ይቈያሉ። ከዛፉ ሥር የረገፈውን ቅጠልም እንደ ቆሻሻ ጠርገን አናቃጥለው።

አራተኛ፣ የተከልነውን እንቍጠር። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ፎቶ ግራፍ ይነሣል፤ በጥር ግን የሚያየው የለም። ለእያንዳንዱ ችግኝ ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ተጠሪ ልጅ ይሰጠው፤ ቢያንስ እስከ ሦስተኛ ዓመቱ ያጠጣው። ሪፖርታችንም «ይህን ያህል ተከልን» የሚል ብቻ ሳይሆን «ለጥምቀት ይህን ያህሉ ሕያው ነው» የሚል ይሁን።

አምስተኛ፣ ዛፍ እስኪያድግ ክረምቱ አይጠብቀንም። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ከወጣቶችና ከእድሮች ጋር ቦዮችን እናጽዳ። በወንዝ ዳርና ከተዳፋት ሥር የሚኖሩ አረጋውያን፣ ሕሙማንና ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች በስም ይታወቁ። ሌሊት ውኃ ቢመጣ ማን እንደሚጠራቸውና የትኛው አዳራሽ እንደሚከፈትላቸው አስቀድሞ ይወሰን።

የተወደዳችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ እኅቶችም፤ የመጀመሪያው ሰው የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ገነትን ማልማትና መጠበቅ ነበር። ይህ ቦታ ቀራንዮ ይባላል፤ ስሙ ራሱ መዳናችን በዕንጨት ላይ እንደ ተፈጸመ ያስታውሰናል። በዚህ ስም በተጠራ አካባቢ ውኃ ከደጃችን ወርዶ የድኃን ቤት እንዳይወስድ መጠበቅ ተጨማሪ ሥራ አይደለም፤ የአገልግሎታችን ክፍል ነው። ያን ያህል ጽድ ለመተካት የእኔ ዕድሜ አይበቃም። ያን ቀን እጄን ባወጣሁበት ደብር ግን በየክረምቱ ችግኝ እተክላለሁ፤ እናንተ ደግሞ ገና ያልተቈረጠው በእጃችሁ ነውና ጠብቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።