ሁለት ሥርዓት የተጫነበት ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በኮምፒዩተር ክበብ ስም የተነገረ)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ጋሞ ደጋና ቆላ፥ ስለ አባያና ስለ ጫሞ ሐይቆች በሰፊው ስላሰሙን፥ ለእኔ የደረሰኝ ርእስ ከዚያ ጋራ ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ይኸውም ዊንዶውስና ሊኑክስ የተባሉት ሁለት ሥርዓቶች በአንድነት የተጫኑበት ኮምፒዩተር አንድ ቀን ጧት አልነሣም ቢል ምን እንደሚደረግ መናገር ነው። ርእሱ ቢያንስም በዚህ ምክንያት የሚጠፋው ነገር ትንሽ አይደለም። ተማሪ የዓመት ማስታወሻውን፥ መምህር የክፍሉን የውጤት መዝገብ፥ ቤተ ሰብ የልጆቹን ፎቶግራፍ የሚያጣው፥ ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ በመታመሙ ሳይሆን ሐኪሙ በመቸኮሉ ነው። «ፎርማት ይደረግ» የምትለውን ቃል ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ትርጓሜዋም ዲስኩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህችን ቃል ለመክሰስ ነው።

ሰው ሁለት ሥርዓት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የሚጭነው ለምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፥ ምክንያቱ በአብዛኛው የገንዘብ ማነስና የመሣሪያ እርጅና ነው። ዊንዶውስ 10 ከሠሪው ከማይክሮሶፍት ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የጥበቃ መሣሪያና አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፥ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ሊቀበሉት አይችሉም። ሊኑክስ ግን ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1983 ዓ.ም. መጨረሻ ለዓለም ያስታወቀው ሥራ ሲሆን፥ በነጻ ይገኛል፤ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ላይ ይሠራል። ሆኖም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ስላሉ፥ ሰው አንዱን ጥሎ ሌላውን ለመያዝ ይቸገርና ሁለቱንም ጎን ለጎን ያኖራል።

ይህም ከከተማችን አቀማመጥ ጋራ ይመሳሰላል። አርባ ምንጭ አንድ ከተማ ናት፤ ነገር ግን ሴቻ ከላይ፥ ሲቀላ ከታች ሆነው በመካከላቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ዲስኩ ከተማው ነው፤ ዊንዶውስና ሊኑክስ ሁለቱ ሰፈሮች ናቸው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ በመጀመሪያ ሥራ የሚጀምረው በዋናው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቀድሞ ባዮስ ይባል ነበር፤ በአዲሶቹ ላይ ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. ይባላል። እርሱም መሣሪያዎቹን ከመረመረ በኋላ ከዲስኩ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል ፈልጎ ያገኛል። በዚያች ክፍል ውስጥ የዊንዶውስ አስነሺና ግራብ የተባለው የሊኑክስ አስነሺ ይገኛሉ። ግራብ መገንጠያው ላይ ቆሞ «ወደ ሴቻ ነው ወይስ ወደ ሲቀላ?» እንደሚል ሰው ነው። እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ቀን ከሥራው ቢቀር መንገደኛው ግራ ይጋባል እንጂ የሴቻ ቤቶች አይፈርሱም፤ የሲቀላም ገበያ አይጠፋም። ፎርማት የሚያደርግ ሰው ግን መንገድ ጠቋሚው ስለ ጠፋ ሰፈሩን ያፈርሳል።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ሆነ?» ሳይሆን «እስከ የት ደረሰ?» የሚለው ነው።

መብራትም ድምፅም ከሌለ ነገሩ ከሁለቱ ሥርዓቶች ጋራ ምንም ግንኙነት የለውም። ገመዱን፥ ሶኬቱን፥ ከዚያም ራም የተባለውን ክፍል መመርመር ነው። በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

የሠሪው ምልክት ታይቶ ከዚያ በኋላ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ግን፥ መሣሪያው ነቅቷል፤ የሚያስነሣው ነገር አላገኘም ማለት ነው። ኤፍ 2 ወይም ዲሊት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ ወደ ማስተካከያው ገጽ መግባትና የዲስኩ ስም ተጽፎ እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ስሙ ካለ ዲስኩ ከሞላ ጎደል በሕይወት አለ፤ የተዛባው ተራው ነው። ስሙ ከሌለ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ስለሚያባብስ፥ ወዲያው አጥፍቶ ዐዋቂ ዘንድ መውሰድ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ባለፈው መስከረም በቤተ ሙከራችን የሆነውን ልንገራችሁ። ኮምፒዩተሮቹ ሐምሌንና ነሐሴን ከኤሌክትሪክ ተነቅለው ስለ ቆዩ፥ ትምህርት ሲጀመር አንዱ አልነሣም አለ። በውስጡ የሁለት ሴሚስተር ውጤት ነበረበትና ባለቤቱ መምህር ፊታቸው ተለወጠ። አንድ ሰው «ይህማ አልቆለታል፤ ፎርማት ይደረግ» ሲል፥ ከክበባችን አንዲት ልጅ «መምህር፥ ይቆዩኝ፤ መጀመሪያ ሰዓቱን እንየው» አለች። የማስተካከያው ገጽ ሲከፈት ዓመተ ምሕረቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ተገኘ። ምክንያቱም በሰሌዳው ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ደክማ ነበር። ኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ሲቀመጥ ሰዓቱን የምታስኬደው እርሷ ናት። እርሷ ስትሞት ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን በብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ የመነሻው ተራና የዲስኩ አሠራር ምርጫም ወደ ፋብሪካው ልማድ ይመለሳል። ባትሪዋ ተለውጣ፥ ቀኑና ተራው ተስተካክሎ ሲበራ የግራብ ምርጫ እንደ ቀድሞው ወጣ፤ መዝገቡም ሳይነካ ተገኘ። መምህሩ ከዚያ በፊት ያደረጉት ነገር ቢኖር ወንበር ስበው መቀመጥ ነበር።

ሰዓትን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። የሰዓቱ ስሕተት በዓመታት ከሆነ ባትሪውን እንጠረጥራለን፤ ልክ 3 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ባትሪው ንጹሕ ነው። ሊኑክስ በሰሌዳው ላይ የዓለሙን መደበኛ ሰዓት ሲጽፍ፥ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነብበዋል። አገራችን ከመደበኛው በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፥ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዊንዶውስ 9 ማለት ሲገባው 6 ይላል። ሊኑክስን የአገሩን ሰዓት እንዲጽፍ በአንድ ትእዛዝ ማዘዝ ይበቃል። የእኛን የሰዓት አቆጣጠር ለኮምፒዩተር ማስረዳት ግን ሌላ ንግግር የሚያስፈልገው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሌላው ምልክት እንለፍ። ኮምፒዩተሩ ምንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ዊንዶውስን ካስነሣ፥ «ሊኑክሴ ጠፋ» ብሎ መጮህ አይገባም። ዊንዶውስ ሲታደስ ወይም ራሱን ሲጠግን አስነሺውን አንዳንድ ጊዜ ከፊት ያስቀድማል። ሲበራ ኤፍ 12ን (በሌሎች ሠሪዎች ኤፍ 9ን ወይም ኢስኬፕን) ተጭኖ ኡቡንቱ የሚለውን መምረጥ፥ ከዚያም ተራውን በማስተካከያው ገጽ መመለስ ነው።

ጥቁር ገጽ ላይ «ግራብ ሬስኪው» የሚል ቃል ብቻ ከቆመ ደግሞ፥ ግራብ ነቅቷል፤ ነገር ግን የቀሩትን ፋይሎቹን አላገኘም። ይህ በተለይ የሚደርሰው ሰው በዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ቦታ ለማስፋት ሲል የሊኑክስን ክፍል የሰረዘ ወይም የለወጠ እንደ ሆነ ነው። ዊንዶውስ ግን በቦታው አለና በዚያው በኤፍ 12 በኩል ይገኛል።

ጽሑፍን እስከ መጨረሻው ማንበብ እንደሚጠቅም የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ማይክሮሶፍት ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ያወጣው ዕድሳት አሮጌ የሊኑክስ አስነሺዎች እንዳይሠሩ የሚከለክል ደንብ ይዞ ነበር። ደንቡ ሁለት ሥርዓት ባላቸው ኮምፒዩተሮች ላይ እንዳይደርስ ታስቦ ሳለ፥ በብዙዎቹ ላይ ደረሰ። በማግስቱም በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች «ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን»፥ ማለት የጥበቃ ደንብ ተጣሰ የሚል ጽሑፍ ገጠማቸው። ዲስካቸው ደኅና ነበር፤ ሊኑክሳቸውም ደኅና ነበር። መፍትሔው ሴኪዩር ቡት የተባለውን ዘበኛ ለጊዜው ማጥፋት፥ ሊኑክስን አስነሥቶ ደንቡን መሰረዝና ማደስ፥ ከዚያም ዘበኛውን ወደ ሥራው መመለስ ነበር። ማይክሮሶፍት ነገሩን ከሥሩ ያስተካከለው በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል ፎርማት ያደረገ ሰው ምን እንዳጣ እናንተው ገምቱ።

ነገር ግን ዘበኛውን ከመንካት በፊት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ዲስኩን ቢትሎከር በተባለው መቆለፊያ ቆልፎት እንደ ሆነ፥ ለውጡን ሲያይ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ በእውነት ፋይሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በቤታችሁ ያለው ኮምፒዩተር ደኅና ሳለ ቁልፉን ከዊንዶውስ አውጥታችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡት።

ከሁሉም ጥገና በፊት የሚቀድመው ፋይሉን ማውጣት ነው። ኡቡንቱ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ተጭኖ፥ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ብቻ ሊነሣ ይችላል። ሲጠይቅ «ትራይ» የሚለውን ምረጡ፤ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ግን ጣታችሁ አይድረስበት። ከዚያ የዊንዶውስም የሊኑክስም ፋይሎች እንደ መጽሐፍ ተከፍተው ይታያሉና፥ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ። የዊንዶውሱ ክፍል ለንባብ ብቻ ቢከፈት አትደንግጡ፤ ዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ በተባለው ልማዱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ስለ ተኛ ነው። ለመገልበጥ ማንበብ ይበቃል። የዶርዜ ሸማኔ ድር ቢበጠስበት ጫፉን ፈልጎ ይቀጥለዋል እንጂ ሸማውን ቀዶ አይጥልም፤ ቸኩሎ ፎርማት የሚያደርገውን ሰው ግን ባለሙያ እንለዋለን፤ ይህ ይገርመኛል።

ክበባችን በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራው ይሰበሰባል። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይዞ ለሚመጣ ተማሪም ሆነ ወላጅ ኡቡንቱን እንጭንለታለን። በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ ባዶ አድርጋችሁ አምጡት። የታመመ ኮምፒዩተር የምታመጡም በገጹ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ያዙ፤ «አንድ ነገር ጽፎ ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይረዳንም።