ስለ ኮምፒዩተር መስኮቶች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የምናገረው ስለ ኮምፒዩተር መስኮቶች ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በእኔ ቸልታ አንድ ንጹሕ ልጅ ተጎድቶበታልና ታሪኩን ልንገራችሁ።

መስኮት ማለት በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የሚከፈት፥ አንድ ሥራ የሚታይበት ባለ አራት ማዕዘን ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፥ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ጣቢያ የነበሩ ሊቃውንት፥ በጠረጴዛ ላይ እንደሚደራረብ ወረቀት መስኮቶችን አንዱን ባንዱ ላይ አሳረፉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የማይክሮሶፍት የመጀመሪያው ዊንዶውስ ግን የፕሮግራሞችን መስኮቶች ጎን ለጎን ይደረድር ነበር እንጂ አይደራርብም ነበር፤ መደራረቡ የመጣው በ1987 በወጣው በሁለተኛው ነው። መደራረብ ቦታን ያተርፋል፤ ከታች ያለውን ግን ይሸፍናል። ደግሞም መስኮቱ ምንም ቢበዛ፥ የምንጽፈው ፊደል የሚገባው በዚያች ጊዜ ተራውን በያዘው በአንዱ ብቻ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም እንደ ተባለው ነው።

አምና ለቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብ የሚሆን ፕሮግራም ሠራሁ። ስሕተቴ ይህ ነበር፤ የዝርዝሩ ቁልፍ በተነካ ቁጥር አዲስ መስኮት ይከፈታል፥ የቀድሞውም ከበስተኋላ ተሸፍኖ ይቀራል። አንድ ቀን ሰባት መስኮት ተከፍቶ ሳለ፥ ኃላፊው ማለዳ የተከፈተውን ዝርዝር አይተው አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጽሐፍ አልመለሰም ሲሉ ቅጣት ጻፉበት። ልጁ ግን ረፋድ ላይ መልሶ፥ በሌላው መስኮት ተመዝግቦለት ነበር። «መልሻለሁ» እያለ ቢያለቅስም፥ ማሽን ይዋሻል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። በማግሥቱ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ሲገኝ፥ ሐሰተኛው የእኔ ፕሮግራም መሆኑ ታወቀ።

ልጁን ይቅርታ ጠይቄ ሥራዬን አረምሁ። አንደኛ፥ ፕሮግራሙ የከፈተውን መስኮት ሁሉ በመዝገብ ይይዛል፤ ቁልፉ ዳግመኛ ሲነካ ሌላ በመክፈት ፈንታ ያንኑ ወደ ፊት ያመጣዋል። ሁለተኛ፥ በአንዱ መስኮት የተደረገ ለውጥ ለሌሎቹ ይነገራል፤ ሁሉም ወዲያው ይታደሳሉ። ሦስተኛ፥ አንድ መስኮት ሲዘጋ ሠራተኛው ወደ ተነሣበት መስኮት ይመለሳል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ካለም ሳይጠየቅ አይዘጋም። አራተኛ፥ በየመስኮቱ ራስጌ ግልጽ ስም ተጻፈ።

እናንተም በዊንዶውስ ስትሠሩ የኦልትን ቁልፍ ይዛችሁ ታብን ብትነኩ ከመስኮት ወደ መስኮት ትሻገራላችሁ፤ ከመጻፋችሁ በፊት ግን የራስጌውን ስም አንብቡ።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ ማሽን የሚያሳየን የሠሪውን ጥንቃቄ ወይም ቸልታ ነው። ስለዚህ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀመጥ፥ በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት የምናየው መስኮት የአሁን ይሁን የቀድሞ እንመርምር።