ከጭቃው በፊት ማገሩ
በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው የሕፃን አጥንት በማኅፀን እንዴት እንደሚሠራ ነው። አስቀድመን ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት የዶሮ አጥንቶች ተመልከቱ። አንዱን ለቀናት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈነዋል፤ አሁን እንደ ጎማ ይታጠፋል። ሌላውን እሳት ውስጥ አቆይተነዋል፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። አቼቶው ካልሲየሙን አሟሙቶ ወሰደው፣ እሳቱ ደግሞ ፕሮቲኑን አቃጠለው። አጥንት ጠንካራ የሚሆነው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

በማኅፀን ቀድሞ የሚዘጋጀው ፕሮቲኑ ነው። የጭቃ ቤት ያሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማገሩ ሳይመታ ጭቃ አይመረግም። የክንድና የእግር አጥንቶች መጀመሪያ እንደ አፍንጫችን ጫፍ ባለ ለስላሳ ቅርጭጭት ይቀረጻሉ። ሁለተኛው ወር ሲገባደድ አጥንት ሠሪ ሴሎች ኮላጅን የሚባለውን ፕሮቲን በዙሪያቸው ማንጠፍ ይጀምራሉ። ኮላጅን ሦስት ክሮች እንደ ገመድ የተገመዱበት ነው። ካልሲየምና ፎስፈረስ በእሱ ላይ እየተመረጉ ያጠነክሩታል። ልጁ ሲወለድ በአካሉ 30 ግራም ያህል ካልሲየም ይኖረዋል፤ አብዛኛው የሚገባው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው።

ስለዚህ እርጉዝ እህታችንን “ወተት ጠጪ” ማለት ብቻ አይበቃም። ለማገሩም እናስብ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሲገኝ እንቁላል። ኮላጅን ያለ ቫይታሚን ሲ በደንብ ስለማይገመድ ብርቱካን፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ከገበታዋ አይጥፋ።

ምግብ የማያስተካክለው ነገር ግን አለ። አንዳንድ ሕፃናት ኮላጅን በሚሠራበት ዘረመል ላይ ስሕተት ስላለ አጥንታቸው እጅግ ተሰባሪ ሆኖ ይወለዳሉ። ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ እንዲህ እንደሚሆን ይገመታል። ልብስ ሲቀየርላቸው እንኳ ሊሰበሩ ይችላሉ። ችግሩ ከወላጅ ሊወረስ ይችላል፤ ወላጆቹ ጤነኞች ሆነው በልጁ ላይ አዲስ የሚከሠትበትም ጊዜ አለ። እናት ስለጾመች፣ ከባድ ስለተሸከመች ወይም ስለደነገጠች አይመጣም።

የእናቲቱ ሸክም ግን ስብራቱ ብቻ አይደለም። “ጣለችው እኮ” ይባላል፤ ጎረቤት ይሸሻታል፤ እሷም ልጇን ሐኪም ፊት ለማቅረብ ትፈራለች። ልጁ ደግሞ በየጊዜው ሕክምና ያስፈልገዋል፤ አያያዙንም የሚያስተምራት ባለሙያ ያስፈልጋታል።

እህቶቻችን፣ እንዲህ ያለ ወሬ ቡና ላይ ሲነሣ ዝም አንበል። “ሐኪም አይቶታል?” ብለን እንጠይቅ፤ ካላየውም አብረናት እንሂድ። ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው የመንገድ ወጪዋን እንድትሸፍኑልን ነው።