ቅኝቶቻችን ከምን ተሠሩ?
(በጅጋ ለተሰበሰቡ የሙዚቃ መምህራን የቀረበ ንግግር)



ከዚህ ከጅጋ እስከ ቡሬ ባለው አገር፥ ክራር የሚጫወት ወጣት ዶ ሬ ሚን ሳይማር ትዝታን ከባቲ፥ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ በጆሮው ይለያል። ወደ ክፍላችን ሲመጣ ግን፥ «የአንተ ስኬል ሁለት ድምፅ ይጎድለዋል» እንለዋለን። ዛሬ የምናገረው ይህ አባባል ስሕተት ስለ መሆኑ ነው።

የጥንት ግሪኮች፥ በተለይም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው አሪስቶክሴኑስ፥ ስኬልን የመረመሩት በቴትራኮርድ ነበር። ትርጉሙ «አራት አውታር» ማለት ነው። የዳርና የዳር ድምፆቹ በሁለት ተኩል ቶን ተራርቀው ይጸናሉ፤ የመካከሎቹ ቦታ ግን ይለዋወጣል። ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ አንድ ነው፤ ሶል፥ ላ፥ ሲ፥ ዶ ሌላው ነው። ሁለቱ በአንድ ቶን ርቀት ሲቀጣጠሉ ሜጀር ስኬል ይቆማል።

አሁን አምባሰልን ከሚ ጀምረን እንቃኘው፦ ሚ፥ ፋ፥ ላ፤ ሲ፥ ዶ፥ ሚ። የዳር ድምፆቹ ያው በሁለት ተኩል ቶን የተራራቁ ናቸው፤ በመካከል ያለው ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በግማሽ ቶን ይነሣና ሁለት ቶን ይዘላል። ባቲ በሜጀር ሲቃኝ ዶ፥ ሚ፥ ፋ፤ ሶል፥ ሲ፥ ዶ ይሆናል፤ ዝላዩ ይቀድማል፥ ግማሽ ቶኑ ይከተላል። አምባሰል በመስተዋት ታየ እንደ ማለት ነው። በሜጀር ትዝታም ሬ፥ ሚ፥ ሶል እና ሶል፥ ላ፥ ዶ በአንድ ሶል ተያይዘው ይገኛሉ። እንግዲህ የጎደለ ነገር የለም፤ ሕንጻው በሦስት በሦስት ድምፅ የታነጸ ነው።

አንቺ ሆዬ ግን ለዚህ ሥርዓት አትገዛም። የመጀመሪያው ክፍሏ የአምባሰል ነው፤ ሁለተኛው ግን በአንድ ቶን ፈንታ በግማሽ ቶን ርቆ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከመነሻዋ በላይ ትክክለኛው አምስተኛ ድምፅ አይገኝም። ልዩ ጣዕሟም ከዚሁ ይመነጫል። ደግሞም ቶን ያልሁት ለማስረዳት ያህል ነው፤ የጆሮ ቅኝት ከፒያኖ ጋር ዘወትር አይገጥምም።

ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ አንዱን ክፍል ይቃኝ፥ ያዚም፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይጨምር። ስኬሉ በመጨረሻ ይጻፍ።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ርእስ ላይ ክራር «የሰይጣን መሣሪያ» የሚለውን ስሙን ይዞ ይገኛል። ክራር ይህን ንቀት ተሸክሞ ኖሯል፤ እኛ በክፍላችን «ጎዶሎ» የሚል ሌላ ንቀት አንጨምርበት።