«ነገ ይመለሱ» የሚያስከፍለው ዋጋ
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ለሙያ አገልግሎት ሰጪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ደንበኛ አያያዝ ተናገር ስትሉኝ የሚሻል ሰው ፈልጉ ብዬ ነበር፤ አልሰማችሁኝም። እኔ የማውቀው ማመልከቻ መጻፍ ነውና በዚያው እናገራለሁ። ልብስ ሰፊውም ሂሳብ ሠሪውም ለራሱ ይመንዝረው።

እስቲ አስቡት። ከጉና ግርጌ የሚመጣ ባላገር ደብረ ታቦር ለመድረስ በዚያ ብርድ ሌሊት ይነሣል። እኛ ደግሞ «ዛሬ ሥራ በዝቷል፤ ነገ ይመለሱ» እንለዋለን። ነገ ለእኛ ቀላል ነው፤ ለእሱ ግን አንድ የእርሻ ቀንና የማደሪያ ገንዘብ ነው።

ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ የፋርጣ ሰው በበሬ ሽያጭ ክርክር ተፈርዶባቸው ይግባኝ እንድጽፍላቸው የፍርዱን ግልባጭ ሰጡኝ፤ ግማሹንም ከፈሉ። ሁለት ጊዜ አመላለስኋቸው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። በሦስተኛው ስንቆጥር 63 ሆኗል! ጊዜው ካለፈ በኋላ ለማስፈቀድ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፤ የጸሐፊ ስንፍና በቂ ምክንያት ነው ብሎ ማን ደፍሮ ይጽፋል? ሰውየው አልተቆጡም። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ሄዱ። ገንዘባቸውን መለስሁ፤ እሳቸው ግን ዕዳውን የከፈሉት አንዱን በሬ ሸጠው ነው። ወሬው በለቅሶ ቤቱም በጠላ ቤቱም ዞረ። ከዚያ አገር ለሁለት ዓመት ያህል በሬን የረገጠ ሰው አልነበረም።

አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። ንጉሥ ባለሙያን ማቆየት ይችላል። ባለሙያ ግን ደንበኛን በምን ያቆያል?

አሁን ወረቀት ስቀበል መጀመሪያ የማየው የፍርዱን ቀን ነው፤ የመጨረሻዋን ቀን ቆጥሬ በአቃፊው ጀርባ እጽፋለሁ። ብዕር ሳላነሣ ዋጋዬን እናገራለሁ፤ ደረሰኝም እሰጣለሁ። ጽፌ ስጨርስ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ «እንዲህ አላልሁም ልጄ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ አርመዋለሁ። «አስፈርድልዎታለሁ» የምትባለዋን ቃል ግን ትቻታለሁ። ነገሩ ከአቅሜ በላይ ከሆነ ጠበቃ ያነጋግሩ እላለሁ። «ይህ ይግባኝ አያዋጣዎትም» ብዬ ባዶ እጄን የቀረሁበት ቀን አለ፤ በወሩ እኒያው ሰው የወንድማቸውን ጉዳይ ይዘውልኝ መጡ።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ከተማችን ትንሽ ናትና በገበያ ቀን ከሳሽና ተከሳሽ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ለአንዱ ከጻፍሁ ለሌላው አልጽፍም፤ የሰማሁትንም ለሚስቴ እንኳ አልነግርም። ይህን የማይጠብቅ ጸሐፊ በእኛ ሁላችን ላይ ስም ያወጣል።

የእኔ ይኸው ነው። ልብስ ሰፊዎች ስለ በዓል ሰሞን ቀጠሮ የምትሉት እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ መድረኩን ልልቀቅላችሁ።