ከከዋክብት ፎቶግራፍ ላይ ሐሰተኛውን ቀለም ስለ ማስወገድ



በጥር ወር ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ምሽት ከደጃችሁ ቆማችሁ ሽቅብ ብትመለከቱ፣ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ ጎልቶ ይታያችኋል። በመካከሉ በአንድ መስመር ከተሰለፉት ከሦስቱ ከዋክብት ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ብሎ ጭጋግ የመሰለ ደካማ ብርሃን አለ። ይህም የኦሪዮን ኔቡላ የሚባለው፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ 1,300 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

ዛሬ ዲጂታል ካሜራ፣ ማቆሚያና ኮምፒዩተር ያለው ሰው ይህን ደመና ፎቶግራፍ ሊያነሣው ይችላል። ነገር ግን ሥዕሉን አጉልቶ ሲመረምረው፣ ጥቁር መሆን የሚገባው ሰማይ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ ያገኘዋል። ባለሙያዎች ይህን የቀለም ጫጫታ ይሉታል። ከሩቅ ጣቢያ የሚመጣ የሬድዮ ድምፅ ጫጫታ እንደሚደባለቅበት ሁሉ፣ ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ብርሃንም እንዲሁ ይሆናልና ስያሜው ተገቢ ነው።

የዚህ ጉድፍ ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛው የብርሃኑ ማነስ ነው። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች የሚደርሰን ስለ ሆነ፣ ካፊያ በጣራ ላይ ሲወርድ ጠብታው በየስፍራው እኩል እንደማይሆን ሁሉ የፎቶኖቹም ቁጥር ከነጥብ ወደ ነጥብ ይለያያል። 100 ፎቶን የሚቀበል ነጥብ በ10 ያህል ይዋዥቃል፤ ይኸውም ከመቶ 10 ነው። 10,000 የሚቀበለው ግን የሚዋዥቀው በ100 ያህል፣ ማለት ከመቶ 1 ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የካሜራው አሠራር ነው። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ቤየር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 የፈጠራ መብት ባገኘበት ሥርዓት የተደራጀ ነው። ከአራት ነጥቦች ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱም ሰማያዊ ማጣሪያ ይለብሳሉ። እያንዳንዱ ነጥብ የሚለካው አንድ ቀለም ብቻ ስለ ሆነ፣ የቀሩት ሁለቱ ከጎረቤቶቹ እየተገመቱ ይሞላሉ። ስለዚህ የአንዱ ነጥብ ስሕተት ወደ ጎረቤቶቹ ይዛመትና ባለ ቀለም ጉድፍ ይሆናል።

መድኃኒቱ የሚጀምረው ከካሜራው ዘንድ ነው። አንድ ሥዕል አንሥቶ ከመመለስ ይልቅ ብዙ አንሥቶ አማካያቸውን መውሰድ ይገባል። 4 ሥዕሎች ሲደራረቡ ጫጫታው በግማሽ፣ 16 ሲደራረቡ ወደ ሩብ ይቀንሳል። ዳግመኛም የሌንሱን ክዳን ዘግቶ፣ በዚያው የጊዜ ርዝመትና በዚያው ሙቀት ጥቂት ጨለማ ሥዕሎች ማንሣት ይጠቅማል። ካሜራው ራሱ የፈጠራቸው የማይለወጡ ብሩህ ነጥቦች በእነዚህ ተለይተው ይቀነሳሉና።

ከዚህ በኋላ የኮምፒዩተሩ ተራ ይሆናል። በፎቶሾፕም ሆነ በሌላ ፕሮግራም የሥዕሉን ብሩህነት ከቀለሙ መለየት ይቻላል። ዐይናችን የብሩህነትን ረቂቅ ልዩነት በሚገባ ሲያይ፣ የቀለምን ግን ያን ያህል አጥርቶ አያይም። ስለዚህ ብሩህነቱን ሳይነኩ ቀለሙን ብቻ በመጠኑ ቢያለሰልሱት፣ ነጠብጣቡ ሲጠፋ የከዋክብቱ ቅርጽ እንደ ነበረ ይቆያል። ከዋክብቱንም በጭንብል መሸፈን ያስፈልጋል፤ አለዚያ የቤተልጌውዝ ቅላትና የራይጀል ሰማያዊነት አብረው ይደበዝዛሉ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው አረንጓዴው ነው። ለዐይን አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ኮከብ ስለሌለ፣ እንደ ሲሪልና ፒክስኢንሳይት ያሉ ፕሮግራሞች አረንጓዴ ጫጫታን የሚያስወግድ መሣሪያ አላቸው። አረንጓዴው ከቀዩና ከሰማያዊው አማካይ በልጦ ሲገኝ፣ መሣሪያው ወደ አማካዩ ያወርደዋል። እኔም በመጀመሪያ ጊዜ ይህን መሣሪያ በኦሪዮን ሥዕል ላይ እስከ መጨረሻው ተጠቀምሁበትና ሰማዩ ስለ ጠራልኝ ደስ አለኝ። ከመነሻው ሥዕል ጋር ሳስተያየው ግን በደመናው መካከል የነበረው አረንጓዴ ፍካት አብሮ ጠፍቶ አገኘሁት።

ያ ፍካት ጉድፍ አልነበረም። እንግሊዛዊው ዊልያም ሐጊንስ በ1864 የአንድ ኔቡላ ብርሃን ወደ ቀለማቱ በትኖ ሲመረምር ብሩህ አረንጓዴ መስመር አየ። መስመሩ በምድር ላይ ከታወቀ ንጥረ ነገር ጋር ስላልተስማማ፣ ኋላ ኔቡሊየም ለተባለ አዲስ ንጥረ ነገር ተሰጠ። አሜሪካዊው አይራ ቦወን ግን በ1927 ይህ ብርሃን ሁለት ኤሌክትሮን ካጣ ኦክስጅን የሚወጣ መሆኑን አስረዳ። በኦሪዮንም የሚያበራው ይኸው ኦክስጅን ነው። እንግዲህ እኔ ያጠፋሁት፣ ሊቃውንት ከስድሳ ዓመት በላይ ትርጓሜውን የፈለጉለትን ብርሃን ነበር።

ስለዚህ ከመደምሰስ በፊት መጠየቅ ይገባል። በየሥዕሉ ላይ ስፍራውን የሚለውጥ ነጠብጣብ ጫጫታ ነው፤ በሁሉም ላይ ከዋክብቱን ተከትሎ በስፍራው የሚገኝ ቀለም ግን ከሰማይ የመጣ ሊሆን ስለሚችል አይቸኰልበትም። ገበሬ አረሙን ሲነቅል ቡቃያውን እንደሚጠነቀቅለት መሆን ነው። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ እንደምታውቁት፣ ረቂቅ በንጹሕ ሲገለበጥ የፊደሉ ግድፈት ይታረማል እንጂ ቃሉ አይለወጥም፤ ረቂቁም ከፋይሉ አይወጣም። እንዲሁም የመጀመሪያውን ሥዕል ሳትነኩ አስቀምጣችሁ በግልባጩ ላይ ሥሩ፤ ከመሣሪያውም ኃይል ጥቂቱን ብቻ ውሰዱ፤ በየደረጃውም ከመነሻው ጋር አስተያዩት። ጥቂት ጉድፍ ቢቀር ሌላ ሌሊት ተጨማሪ ሥዕል በማንሣት ይቃለላል፤ ከሥዕሉ ተፍቆ የጠፋ እውነተኛ ቀለም ግን መነሻው ካልተቀመጠ በቀር አይመለስም።

ደኅና እደሩ።