የቀጠሮ ልውውጥ ስታንዳርድና ዐሥራ ሦስተኛው ወር



ቀጠሮ በሰዎች መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። ስምምነቱ በቃል ሲሆን ተነጋጋሪዎቹ በአንድ ቋንቋ መግባባታቸው ይበቃል፤ በኮምፒዩተር ሲሆን ግን የአንዱ ፕሮግራም የጻፈውን የሌላው ፕሮግራም ሳያዛባ ማንበብ ይኖርበታል። ዛሬ የምናገረው ይህን ስላስቻለው ክፍት ስታንዳርድና የእኛ የዘመን አቆጣጠር በውስጡ ስላገኘው ስፍራ ነው።

አፕል፣ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ አይቢኤምና ሲመንስ በጋራ ያቋቋሙት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1996 ቪካሌንደር የተባለውን የጽሑፍ ቅርጽ አወጣ። ይህን መሠረት በማድረግ የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በኅዳር 1998 አይካሌንደር የተሰኘውን ስታንዳርድ በቁጥር 2445 አሳተመ። ሰነዱን ያዘጋጁት ፍራንክ ዳውሰን ከሎተስ፣ ዴሪክ ስቴነርሰን ደግሞ ከማይክሮሶፍት ነበሩ፤ በገበያ የሚፎካከሩ የሁለት ድርጅቶች ሠራተኞች በአንድ ሰነድ ላይ ስማቸውን ማኖራቸው በራሱ ልብ ሊባል ይገባል። ስታንዳርዱ እ.ኤ.አ. በ2009 ተሻሽሎ በቁጥር 5545 ወጥቷል። ማንም ያለ ክፍያ ሊያነበውና ሊሠራበት ይችላል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ቀጠሮ ከሌላ የማይጋጭ መለያ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጊዜ፣ የጠሪውና የተጋባዦቹ አድራሻ እንዲሁም የማሻሻያ ተራ ቁጥር ይኖረዋል። ስብሰባው ከሰኞ ወደ ረቡዕ ሲዛወር መለያው እንደነበረ ይቆያል፤ ተራ ቁጥሩ ብቻ ከፍ ይላል። በዚህም ምክንያት ተቀባዩ ፕሮግራም የቀድሞውን ይተካል እንጂ ሁለት ስብሰባ አይመዘግብም። ተጋባዡ እመጣለሁ፣ አልመጣም ወይም ምናልባት ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ጊዜውን የመለወጥ ሥልጣን ግን የጠሪው ብቻ ነው።

እንግዲህ ለእኛ ችግሩ የሚጀምረው ተደጋጋሚ ቀጠሮ ላይ ስንደርስ ነው። ስታንዳርዱ «በየወሩ በዚህ ቀን» ወይም «በየዓመቱ በዚህ ወር» የሚል የድግግሞሽ ደንብ አለው፤ ነገር ግን ወሩም ዓመቱም የጎርጎርዮሳዊው ነበር። ወርኃዊ ሪፖርቱን ወር በገባ በ30 የሚያስረክብ መሥሪያ ቤት እናስብ። መስከረም 30 በአብዛኛው ኦክቶበር 10 ነው፤ ጥቅምት 30 ኖቬምበር 9፣ ታኅሣሥ 30 ጃንዋሪ 8፣ ጥር 30 ፌብርዋሪ 7፣ የካቲት 30 ደግሞ እንደገና ወደ ማርች 9 ይመለሳል። በአንድ ቁጥር የሚገለጽ ደንብ የለም። «በየ30 ቀኑ» ቢባልስ? እስከ ነሐሴ 30 ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ ጳጉሜን ጣልቃ ትገባና ቀጣዩ ማስታወሻ መስከረም 25 ወይም 24 ላይ ይወድቃል። የዓመት በዓላትም እንዲሁ ናቸው። ጥምቀትን በየጃንዋሪ 19 እንዲደገም የመዘገበ ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2024 በከተራ ዕለት «ዛሬ ጥምቀት ነው» የሚል ማስታወሻ ደርሶታል።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 በቁጥር 7529 ወጣ። ይህ ተጨማሪ ስታንዳርድ የድግግሞሹ ደንብ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚሰላ የሚገልጽ አንድ ቃል ጨመረ። ከምሳሌዎቹም አንዱ የእኛው ነው፤ ይኸውም በየዓመቱ በ13ኛው ወር መጀመሪያ ቀን የሚደገም ቀጠሮ ሲሆን መነሻውም ሴፕቴምበር 6 ቀን 2013፣ ማለትም ጳጉሜን 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። የአቆጣጠሮቹ ስያሜ የተወሰደው ዩኒኮድ ከሚያዘጋጀው መዝገብ በመሆኑ ዓመተ ምሕረት ብቻ ሳይሆን ዓመተ ዓለምም በውስጡ ይገኛል። የቀጠሮው መነሻ ቀን ግን አሁንም በጎርጎርዮሳዊው ይጻፋል፤ የሚለወጠው የስሌቱ ደንብ ነው። ይህም ለልውውጥ ሲባል የተደረገ በመሆኑ ተገቢ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ስለ ጳጉሜን 6 የተደነገገው ነው። በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚገኝ ቀን የልደት ወይም የሙት ዓመት መታሰቢያ ያለው ሰው በሌሎቹ ዓመታት ምን ያድርግ? ደንቡ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፤ ቀኑን መዝለል፣ ወደ ጳጉሜን 5 መመለስ ወይም ወደ መስከረም 1 መሻገር። ምንም ካልተገለጸ ቀኑ ይዘለላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ባለጉዳዩ ነው እንጂ ፕሮግራም አዘጋጁ መሆን የለበትም።

ትንሣኤን የመሰለ ተንቀሳቃሽ በዓል በዚህ ደንብ አይገለጽም። ባሕረ ሐሳብን የሚተካ ቀመር ስለሌለው ቀኖቹ አስቀድመው ተሰልተው አንድ በአንድ መዘርዘር አለባቸው። ሰዓትን በተመለከተም ስታንዳርዱ የሚያውቀው ከ0 እስከ 23 የሚቆጠረውን ነው፤ 9 ሰዓት ተብሎ የተላከውን ጠዋት 3 ሰዓት ብሎ ማሳየት የፕሮግራሙ ኃላፊነት ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ስለሆነ፣ በሁለቱ ከተሞች ያሉ አባላት የሚካፈሉበት ስብሰባ የሰዓት ልዩነቱን ቁጥር ሳይሆን የሰዓት ክልሉን ስም መያዝ ይኖርበታል። ስብሰባው በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሚጸና አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ በማርችና በኖቬምበር ከሁለቱ ወገኖች አንዱ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ወይም ቀድሞ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቁጥር 7529 በውዴታ የሚተገበር ነው። አንድ ሻጭ ዕቃዬ አይካሌንደርን ያነባል ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ዕቃው የ13ኛውን ወር ደንብ ሲያገኝ ቀጠሮውን ሊጥለው ወይም የመጀመሪያውን ቀን ብቻ አሳይቶ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤታችሁ የግዢ ዝርዝር የምታዘጋጁ ባልደረቦች የስታንዳርዱን ስም ከመጥቀስ አልፋችሁ ቁጥሩንም እንድትጽፉ፣ ርክክብ ከመፈጸማችሁም በፊት ሦስት ቀጠሮዎች እንድትሞክሩ እጠይቃለሁ፤ በየወሩ በ30 የሚደገም፣ በየዓመቱ ጳጉሜን 1 የሚውልና ጳጉሜን 6 የተመዘገበ። ሦስቱን ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ልካችሁ፣ ጊዜያቸውን አንድ ጊዜ ለውጣችሁ፣ አምስት ዓመት ወደፊት ገልጣችሁ ተመልከቱ። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም።